ስለ ድሬ የተጠና ነገር ሳነብ

ድሬዳዋ፣ ሰቢያን ሰፈር ባጃጅ እነዳለሁ። ተራ ስጠብቅ ስልኬ ላይ የሳይንስ ዜና አነባለሁ። አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ «የወባ ምርመራ ድሬዳዋ ውስጥ አይሠራም» የሚል አየሁና ለአከራዬ ነገርኳት። በሳምንቱ አተኮሳት። «አይሠራም አላልክም እንዴ?» ብላ ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ አልሄድም አለች። ወባ ነበር። ድና ስትነሳ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማነበው። ሞክሩት።

መጀመሪያ ጥናቱ የወጣበትን መጽሔትና ዓመት ፈልጉ። ሁለቱም ከሌሉ እለፉት። የኔ ዜና መነሻው እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣ፣ ስለ 2022ቱ የድሬዳዋ ወረርሽኝ የሚያወራ ጥናት ነበር። በነጻ ይነበባል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ከላይ ያለችውን አጭር ማጠቃለያ ብቻ በስልክ አስተርጉሙ። ትርጉሙ አንዳንዴ ያስቃል፣ ግን ያግባባል።

እዚያ ውስጥ «አንዳንድ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ። እኔን ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት። ጥናቱ ያለው፣ ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገው ፕሮቲን የሌላቸው የወባ ተህዋሲያን አሉ ነው እንጂ ሁሉም እንደዚያ ናቸው አይደለም። እነዚያም ቢሆኑ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

ቀጥሎ ከምን ጋር እንደተወዳደረ ጠይቁ። ተመራማሪዎቹ የታማሚዎቹን ቤት ብቻ አይደለም ያዩት፤ ወባ ያልተገኘባቸው ሰዎች ቤትም ሄደዋል። ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ መኖርና መታመም አብረው የሚሄዱ መሆናቸው የታወቀው በዚህ ነው። ማወዳደሪያ ባይኖርማ፣ ድሬ ላይ ቢምቢ የሌለበት ቤት የት አለና?

ትልቅ ቁጥር ሲገጥማችሁ ደግሞ አካፍሉት። ከተማችን አጠገብ ካለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ 4,213 ቁራጭ የቀለም ድንጋይ፣ 40 ኪሎ፣ መውጣቱን እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሎስ ዋን መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይናገራል። ፋብሪካ ነበረ እንዴ አልኩ። ግን የተጠራቀመው ቢያንስ በ4,500 ዓመት ውስጥ ነው። ሲካፈል በዓመት አንድ ቁራጭ እንኳ አይሞላም፤ 9 ግራም ገደማ። ለኔ ይሄኛው ይበልጥ ይገርማል። የዛሬ 40,000 ዓመት አካባቢ የነበሩ ሰዎች ያን ያህል ዘመን እዚያው ዋሻ እየተመላለሱ ያንኑ ድንጋይ ሲፈጩ!

በመጨረሻ፣ በዓይናችሁ ልታዩት የምትችሉት ነገር ካለ እዩት። ስቴፈንሳይ ከእስያ የመጣች ናት፤ ረግረግ አትጠብቅም። በርሜል፣ ሮቶ፣ ሰው ውሃ ያጠራቀመበት ሁሉ ይበቃታል፤ በደረቁ ወቅት ወባ ያመጣችብንም ለዚህ ነው። እኔ በርሜላችንን ከፍቼ በስልኬ መብራት አየሁ። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ፊት ጋር አግድም ይተኛል፤ የሌሎቹ ቢምቢዎች ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ስቴፈንሳይ ትሁን ሌላ ግን በዓይን አይለይም።

የኛዎቹ አግድም ተኝተዋል። አከራዬን ጠርቼ አሳየኋት። «አንተ ደግሞ!» አለችኝና በርሜሉን ሁለታችን ይዘን ደፋነው። ውሃ የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።