አንኮበርን በሁለት ቀን፦ መንገዱ፣ ማለዳውና የገብሱ ማዕድ

አንኮበር ሄደው በዚያው ቀን የሚመለሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያዩት ጉም ነው። ከተማዋ የሸዋ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚቆረጥበት ገደል ጫፍ ላይ ስለሆነች፣ ቀኑ ሲሞቅ ከታች የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ተከትሎ ይወጣና ሁሉን ይሸፍናል። ጥርት የሚለው ማለዳ ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት ማደር የጉዞው ዋና ነገር ነው፤ እዚያ ላይ አይቆጥቡ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከላምበረት መናኸሪያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከተሳፈሩ ረፋዱ ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል፤ መኪናው የሚነሳው ሲሞላ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ መድረስ ማለት ተሳፋሪ ሲጠብቁ መዋል ነው። ጥሬ ገንዘብዎን ደብረ ብርሃን ላይ ያውጡ። ከመነሳትዎ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን እዚያው ላለ ሰው ደውለው ይጠይቁ፤ የሳምንት ወሬ ይዘው አይውጡ።

በስተቀኝ በኩል ይቀመጡ የሚል ምክር ይሰጣል፤ እኛ ግን ጎኑን ሳይሆን መስኮቱን ያስቀድሙ እንላለን። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ሜዳ ላይ ያልፋል፣ የገብስና የባቄላ ማሳው በሁለቱም ወገን ነው፣ ጭላዳ ዝንጀሮም በመንጋ ሣር ሲነጭ ይታያል። የአንኮበርን ስም የያዘችው ትንሽ ቡናማ ወፍም በዚሁ ገደላማ አካባቢ ትኖራለች። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አትገኝም። ብርዱ ቀልድ አይደለም፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ጋቢና ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል። ሐምሌንና ነሐሴን ይተዉአቸው፤ ጥቅምት ከሁሉ ይሻላል፣ የባቄላ እሸትም ያገኛሉ።

የዛሬዋ የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ናት። የሸዋ ነገሥታት ግቢ የነበረው ከእርስዋ ወጣ ብሎ በሚታየው ሾጣጣ ኮረብታ ላይ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስን ተቀብለው የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት አንኮበር መቀመጫቸው በነበረችበት ዘመን ነው፤ የልጅ ልጃቸው ምኒልክም ወደ እንጦጦ እስኪሄዱ ድረስ ከዋና መቀመጫዎቻቸው አንዷ አንኮበር ነበረች። ትልቅ ፍርስራሽ ጠብቀው አይምጡ። ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው፤ በኮረብታው ላይ የቆመው ሎጅ በኋላ የተሠራ ነው። ኮረብታው የሚወጣበት ምክንያት ቦታው ራሱ ነው፦ ከላይ ሆነው ሲያዩ ነገሥታቱ ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ይገባዎታል፤ ከባሕር ወደብ፣ ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ ከሥር ባለው አልዩ አምባ በኩል ያልፍ ነበር። አቀበቱ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነው፣ ጠዋት በጤዛ ያንሸራትታል፤ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይም ጫፉ ላይ ይሁኑ።

ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ቀኑን ይዩ። በፍስክ ቀን ቅዳሴ በጠዋት ያልቃል፤ በጾም ቀን ግን እኩለ ቀን ላይ ገብቶ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ስለሚወጣ፣ ከኮረብታው ወርደው በ6 ሰዓት ቢሄዱ ለቅዳሴው መግቢያ ይደርሳሉ። ነጠላ ይያዙ፤ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት አባቶችን ያስፈቅዱ።

አሁን ወደ ምግቡ። ምግብ ቤት ገብተው "ምን አለ?" ካሉ ጥብስና ሽሮ ይባላሉ፤ ያው አዲስ አበባ የሚበሉት ነው። የአካባቢው ምግብ የገብስና የባቄላ ነው፣ የሚሠራውም በቤት ስለሆነ ማታ ለጠዋት ማዘዝ ያስፈልጋል። ለቁርስ ጭኮ ይጠይቁ። ለ3 ስኒ የበሶ ዱቄት 1 ስኒ ተኩል ያህል ቀልጦ ለብ ያለ ንጥር ቅቤና ጨው ገብቶ በእጅ ይታሻል። ቅቤው እየፈላ አይጨመርም፤ ካነሰ ደግሞ ይፈረፈራል። በእፍኝ ሲጨበጥ ቅርጹን ከያዘ ደርሷል። ትንሽ ቁራጭ እስከ ምሳ ያቆያል፣ ስለዚህ ለአቀበቱ ቀን ከዚህ የተሻለ ቁርስ የለም።

በጾም ከሄዱ ቅቤ የለም፤ ግን የባቄላው ተራ ነው። ከባቄላ ዱቄት የሚሠራው እልበት ማታ ታዝዞ ጠዋት ይደርሳል። ስልጆ አይደርስም፦ የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ቀናት ቆይቶ መኮምጠር አለበት። በሁዳዴ ግን ያዘጋጀ ቤት አይጠፋም፤ ይጠይቁ። ሰናፍጩ አፍንጫ ስለሚሰነፍጥ በእንጀራ ጫፍ በትንሹ ይጀምሩ።

ጠላ በደጃፉ እንጨት ላይ ጣሳ ከተደፋበት ቤት ይገኛል። ገና የሚራመዱ ከሆነ ቅራሪ ይጠይቁ፣ ቀለል ያለ ነው። አረቄ ደግሞ በባዶ ሆድ አይደለም፤ ቶሎ ይመታል።

ሲመለሱ በሶ ይግዙ። ዱቄቱ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ሽታውም የቆሎ መሆን አለበት፤ ጠቆር ካለ ገብሱ አርሮ ይመርራል፣ በጣት ሲታሽ ሸካራ ከሆነ ደግሞ ሳይሸከሸክ ከነገለባው ተፈጭቷል። ቤት ሲበጠብጡ ለ1 ብርጭቆ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። መጀመሪያ ዱቄቱን በጥቂት ውሃ ያዋህዱ፣ ከዚያ ቀሪውን ውሃና ማር ወይም ጨው ጨምረው ይምቱ፤ በሞላ ውሃ ላይ ዱቄት ከበተኑ ይጓጉላል። እርጥበት በማይነካው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት።