ስምንት ዓመት የበላው ትርጉም

የጀርመኑን የዕድል ካርድ ፈልጌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በዚህ ቪዛ ሥራ ሳይዙ ጀርመን ገብቶ እስከ አንድ ዓመት መፈለግ ይቻላል። ዲግሪዬን ለአቻ ግምት ላክሁ፤ ተመለሰ። «የምረቃው ዓመት አይገናኝም» ይላል።

ሳምንት ሙሉ ዞረብኝ። በመጨረሻ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብዬ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ኦሪጅናሉ «ሐምሌ 2009»፣ ትርጉሙ «ጁላይ 2009»፣ ሲቪዬ 2017። በትርጉሙ ከሄድን ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሲቪል መሐንዲስ ሆኛለሁ!

ባጃጅ ይዤ ወደ ተርጓሚው በረርኩ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስጻፍኩ። ማኅተሙን እንደ አዲስ ማስመታት ግን አሰልቺ ነበር። መልሼ ላክሁ፤ አለፈ። ተርጓሚው ድጋሚ አስከፈለኝ፣ ይሄ አሁንም ያናድደኛል።