ለአባይ በረሃም ለጠጠር መንገድም የሚሆን ጎማ እንዴት ይመረጣል?

ደብረ ማርቆስ የሚኖር ሰው መኪናው በአንድ ወር ውስጥ የማይረግጠው የመንገድ ዓይነት የለም። ከተማ ውስጥ ኮብልስቶን፣ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ አስፋልትና የአባይ በረሃ ቁልቁለት፣ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ወደ ገጠር ሲገባ ሹል ጠጠር፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ዋልካ። ይህን ሁሉ የሚችለው ያው አራት ጎማ ነው። ጎማ ልንገዛ ስንሄድ ግን ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በ2013 ዓ.ም. አራት ጎማ በርካሽ ገዛሁ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ ላይ ፀጉር የመሰለው ላስቲክ እንኳ ያልረገፈ። ሻጩ ጎኑ ላይ የታተመ ቁጥር አሳየኝ፦ 3112። "የ12 ምርት ነው፣ የአምና" አለኝ፤ አመንኩት። በሰኔ ወር ልጆቼን ይዤ ከደጀን ቁልቁል ስወርድ፣ ድልድዩ ጋ ሳልደርስ መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዳር ይዤ ወርጄ ሳይ የፊት ግራው ጎማ ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አውጥቷል። ክሪኩን አውጥቼ ትርፍ ጎማውን እስክቀይር ድረስ ልቤ አልተመለሰም። ጎሐ ጽዮን ስደርስ ጎሚስታው ያንኑ ቁጥር በጣቱ ጠቁሞ "ጋሼ፣ 12 ያለው በፈረንጅ እኮ ነው፤ ይሄ ጎማ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎማ የምገዛው ከዚህ በታች በጻፍኩት መንገድ ነው።

1. መጀመሪያ መንገድዎን ይቁጠሩ

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ለአንድ ወር ያህል የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እያዩ ይመዝግቡ፤ አስፋልት ላይ ስንት ነዱ፣ ጠጠር ላይ ስንት፣ ጭቃ ውስጥ ስንት። አብዛኛው ሰው ራሱን "ገጠር የምሠራ ነኝ" ይላል፤ ሲቆጥረው ግን ከአሥር ኪሎ ሜትር ስምንቱ አስፋልት ሆኖ ያገኘዋል።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ጎማው ቢከዳኝ ሕይወቴን የሚያሳጣኝ የትኛው መንገድ ላይ ነው? ዋልካ ውስጥ ጎማ ቢከዳዎት ይቆማሉ፣ ሰው ተጠርቶ ይገፋዎታል፣ ልብስዎ ይበላሻል። አባይ በረሃ ላይ ወይም ዝናብ በመታው የእንጅባራ አስፋልት ላይ ቢከዳዎት ግን ገፍቶ የሚያወጣዎት የለም። ስለዚህ ጎማው ለጠጠሩ በቂ ይሁን፤ ለቁልቁለቱና ለእርጥቡ አስፋልት ግን ጥሩ መሆን አለበት። እንግዲህ የቀረው ምርጫ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

2. የጎማውን ጎን ያንብቡ

ጎማ ላይ ለምሳሌ 195/65 አር 15 91 ቪ የሚል ጽሑፍ ቢያገኙ፣ 195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይነግራል። አር ራዲያል ማለት ነው፤ የውስጡ ክር ከጠርዝ ወደ ጠርዝ በቀጥታ የተዘረጋ። 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 91 የጭነት ቁጥር፣ ቪ ደግሞ የፍጥነት ፊደል ነው።

የጎኑን ቁመት የሚናገረው ቁጥር፣ 65 ያልነው፣ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ወጣቶች ለውበት ሲሉ ትልቅ ቸርኬ አስገብተው ጎኑ ቀጭን የሆነ ጎማ ያስራሉ። ቀጭን ጎን አስፋልት ላይ መሪውን ቀልጣፋ ያደርገዋል፤ ኮብልስቶንና ጠጠር ላይ ግን በድንጋይና በቸርኬ መካከል የሚለሰልስ ነገር አይተርፍም። አንድ ጉድጓድ ጎማውንም ቸርኬውንም ይወስዳል። ገጠር የሚገቡ ከሆነ ፋብሪካው ከፈቀደው ልክ ሳይወጡ ጎኑ ወፈር ያለውን ይምረጡ። የተፈቀደው ልክ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።

የጭነት ቁጥሩን ከኋላ ወንበር ጀርባ ጤፍ የሚጭን ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። 82 ማለት አንድ ጎማ 475 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ 91 ማለት 615 ኪሎ። አንድ ቶን የሚመዝን ትንሽ መኪና አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጤፍ ሲጫንበት ከአንድ ቶን ተኩል ያልፋል። አራት ባለ 82 ጎማ በድምሩ 1,900 ኪሎ ስለሚችል ይበቃል ሊሉ ይችላሉ። ግን ክብደቱ ለአራቱ እኩል አይካፈልም፤ ጤፉ የሚያርፈው በኋለኞቹ ሁለት ላይ ነው፣ ቁጥሩም የሚሠራው ነፋሱ በልኩ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በመኪናዎ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ያነሰ የጭነት ቁጥር ያለው ጎማ በምንም ዋጋ አይግዙ። ሚኒባስ ከሆነ ደግሞ ለንግድ መኪና የተሠራ፣ የጥንካሬ ደረጃው ስምንት ፕላይ የሚባለውን ዓይነት ይጠይቁ፤ የቤት መኪና ጎማ ልኩ ስለገጠመ ብቻ እዚያ ላይ አይታሰርም።

የፍጥነት ፊደሉ ቲ ከሆነ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። "ማን 190 ይነዳል?" ይባል ይሆናል፤ እኔም ማንም እንዲነዳ አልመክርም። ነገር ግን ፊደሉ ጎማው ምን ያህል ሙቀት እንደሚችልም ይጠቁማል፤ ለበረሃው የሚያስፈልገን ደግሞ እሱ ነው።

3. የተመረተበትን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱ

ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ ያገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔን ያሳሳተኝ 3112 የ2012 እ.ኤ.አ. 31ኛ ሳምንት ነበር፤ በእኛ ሐምሌ 2004 ማለት ነው። ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8፣ ከ37 በላይ ከሆነ 7 ይቀንሱ። 2319 ቢያገኙ 2019 ሲቀነስ 8፣ 2011 ዓ.ም.፤ 23ኛው ሳምንት ደግሞ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መባቻ ላይ ይውላል።

ቁጥሩ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል በዚህኛው ካጡት አዙረው ይዩ። አራቱንም ለየብቻ ያንብቡ፤ አንዱ የዘንድሮ፣ ሌላው የስድስት ዓመት ሆኖ አብሮ ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል። ብዙ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ደግሞ ጥርሱ ቢኖረውም እንዲወገድ ይመክራሉ። እኔ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ጎማ በአዲስ ዋጋ አልገዛም።

ያገለገለ ጎማ ለመግዛት ከተገደዱ በቀለም መብረቁን አይመኑ። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ ጎኑን ጎንበስ አድርገው ጥርሱ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በፀሐይ ይዩት። ክረምት እንደሸሸው መረሬ መሬት የተሰነጣጠቀ ከሆነ ይተዉት። እጅዎን ወደ ውስጥ ሰደው ይዳስሱ፤ ጎኑ ላይ ልጥፍ ካለ፣ ወይም ሸራው ለጣት ከተሰማ፣ ያ ጎማ አባይን አይሻገርም።

4. ለሙቀትና ለእርጥብ የተሰጠውን ደረጃ ይፈልጉ

በብዙ የቤት መኪና ጎማዎች ላይ ሦስት ደረጃዎች ታትመዋል። ትሬድዌር የሚለው ቁጥር የዕድሜ ንጽጽር ነው፤ 400 ያለው በፈተናው ከመነሻው 100 አራት እጥፍ ቆይቷል ማለት ነው። ትራክሽን ከኤኤ እስከ ሲ ይሄዳል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ፍሬን የመያዝ አቅሙን ያሳያል። ሦስተኛው ሙቀት የመቋቋም ደረጃው ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ኤ፣ ዝቅተኛው ሲ።

ለዚህ መንገድ እኔ ሙቀቱ ኤ፣ ትራክሽኑ ቢያንስ ኤ የሆነ ጎማ ላይ እጸናለሁ። ትሬድዌሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በጣም ረጅም ዕድሜ የሚሰጥ ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ደረቅ ላስቲክ በእርጥብ አስፋልት ላይ ቶሎ ይንሸራተታል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ከ2,400 ሜትር አካባቢ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ግድም ወርዶ መልሶ ይወጣል። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ ያበጠበትና የሰመጠበት ቦታም አለ። ፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን ያግላል፣ ግለቱ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬውም ወደ ጎማው ይሻገራል። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ጎማን ማዳን ነው።

5. የጥርሱን ዓይነት ከቆጠሩት መንገድ ጋር ያገናኙ

ፒክ አፕ ወይም ላንድክሩዘር ያለው ሰው ሦስት ስም ይሰማል። ኤችቲ ለአስፋልት፣ ኤቲ ለአስፋልትና ለጠጠር፣ ኤምቲ ለጭቃ። ኤምቲ ጥርሱ ትልልቅ ስለሆነ ያስፈራል፣ ያምራልም። በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን መሬት የሚነካው ላስቲኩ ጥቂት ነው፤ ሲፈረን ይዘገያል፣ ይጮሃል፣ ነዳጅም ይበላል። በሞጣና በቢቸና ገጠሮች ወይም በጮቄ ግርጌ በየቀኑ የሚሠራ ካልሆነ በቀር ለአብዛኛው የጎጃም ሰው ኤቲ ይበቃዋል። ትንሽ የቤት መኪና ላለው ምርጫው ቀላል ነው፦ ውኃ የሚያስወጣ ጥልቅ ቦይ ያለው፣ ጎኑ ወፍራም ተራ የመንገድ ጎማ።

እዚህ ላይ የእህቴን ልጅ ጥያቄ ላንሳ። ባሕር ዳር ነው፤ ኮሮላ አለው። "አጎቴ፣ ለመንገድም ለድራግ ውድድርም የሚሆን አንድ ጎማ ምረጥልኝ" ብሎ ደወለልኝ። ጥያቄው ከእኛው ጋር አንድ ነው፣ ሁለት ሥራ ለአንድ ጎማ፤ ስለዚህ የነገርኩትን እዚህም እጽፈዋለሁ።

ድራግ ሁለት መኪና ከቆመበት ተነስቶ 402 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ላይ የሚሽቀዳደምበት ውድድር ነው። ለዚያ የሚሠራው ድራግ ራዲያል የሚባል ጎማ በመንገድ እንዲነዳ የተፈቀደ ነው፤ ላስቲኩ ግን እጅግ ለስላሳ፣ ጥርሱ ጥቂትና ጥልቀት የሌለው ነው። ትሬድዌሩ 00 ተብሎ የሚጻፍበት አለ። ከመነሳቱ በፊት በቦታው ላይ በማሽከርከር ይሞቃል፣ ነፋሱም ዝቅ ይደረጋል፤ ያኔ መሬቱን እንደ ማስቲካ ይይዛል። ያው ጎማ ሐምሌ ላይ በጣና ዳር ዝናብ ሲገጥመው ውኃውን የሚሸኝበት ቦይ ስለሌለው ይንሳፈፋል። ለስላሳ ጎኑ በጠጠር ይቆረጣል፣ ዕድሜውም በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልቃል። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ ለፊቱ ብቻ ቢታሰር ደግሞ በደረቅ ኩርባ ፊቱ ይይዝና ኋላው ያመልጣል።

ስለዚህ "ሁለት ቸርኬ ለብቻ ግዛ፤ የውድድሩን ጎማ እዚያ ላይ አስረህ ለውድድር በተዘጋ ቦታ ብቻ ተጠቀምበት፣ ስትጨርስ ፍታው። አቅም ከሌለህ ትሬድዌሩ 200 አካባቢ የሆነ፣ ቦይ ያለው የመንገድ ጎማ ይዘህ ትንሽ ብትዘገይ ይሻላል" አልኩት። በዘንባባዎቹ መካከል ባለው የከተማ መንገድ መሽቀዳደምን ጎማ አያስተካክለውም፤ ያንንም ነግሬዋለሁ።

6. ሲታሰር አጠገቡ ይቁሙ

ሁለት ብቻ የሚገዙ ከሆነ አዲሶቹን ከኋላ ያስሩ። ብዙ ሹፌር መሪው ፊት ነው ብሎ ከፊት ያስራል። የፊቱ ቢንሸራተት መሪው ላይ ይሰማዎታል፣ ፍጥነት ቀንሰው ይመልሱታል፤ የኋላው ቢንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል። በአንድ አክስል ላይ ሁለት ዓይነት ጎማ አይሁን። ባላንስ ያስደርጉ፣ ቫልቩን ያስቀይሩ።

ነፋሱን ጎማው ላይ በታተመው ከፍተኛ መጠን አይሙሉ፤ እሱ ጣሪያው ነው። ትክክለኛው በር ምሰሶው ላይ ያለው ነው፣ የሚለካውም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ደጀን ላይ 32 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞልተው ድልድዩ ጋ ቢለኩ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ 30 ገደማ ያነብ ነበር፤ ታች አየሩ ከውጭ ስለሚጫን ነው። ግን በረሃው ይሞቃል፣ ጎማውም ይግላል፣ በየአምስት ስድስት ዲግሪው አንድ ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ታች ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢያገኙት አያስተንፍሱ። ያስተነፈሱት ጎማ ጎሐ ጽዮን ብርድ ውስጥ ሲያድር ጎድሎ ያገኙታል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ በማግስቱ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል።

ጥርሱን በወር አንዴ በክብሪት እንጨት ይለኩ። እንጨቱን ቦዩ ውስጥ ሰክተው በጥፍርዎ ምልክት ያድርጉና ማስመሪያ ላይ ያስቀምጡት። አዲስ ጎማ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ይኖረዋል። ቦዩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጉብታ ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆነች 1.6 ሚሊ ሜትር ደርሷል፣ አልቋል ማለት ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ግን ሦስት ከደረሰ ይቀይሩ።

ጎሚስታው ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ተራ ያጥብቅ እንጂ ዙሪያውን በተከታታይ አይሂድ። ከደብረ ማርቆስ ታስሮ ከወጣ ሉማሜን አልፈው ደጀን ሲደርሱ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ይቁሙ፤ የጎማ ቁልፉን አውጥተው አንድ በአንድ እንደገና ያጥብቋቸው።