ጅማ ላይ የካርቶን መደርደሪያና በርጩማ ሰርቶ መሸጥ፦ ከየት ይጀመራል?

አንድ የካርቶን ቁራጭ አንሱና ጠርዙን ወደ መስኮት አዙራችሁ እዩት። በሁለት ወረቀት መሃል እንደ ቆርቆሮ ክዳን የተሸነተረ ሦስተኛ ወረቀት አለ። አሁን በሁለት እጃችሁ ያዙትና አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በአግድሙ ለማጠፍ ሞክሩ። በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው ድርቅ ይላል። ሸንተረሩ ከላይ ወደ ታች ሲቆም ካርቶን ሰው ይሸከማል። ሲጋደም ግን ወገቡ ይከዳዋል። በካርቶን ዕቃ መስራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይህን ነው።

እኔ የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያውን መደርደሪያ ለአንዲት ማር ሻጭ ስሰራ የጎን ገጾቹን ሸንተረሩ ተጋድሞ ቆረጥኳቸው፤ ካርቶኑ በዚያ በኩል ስለበቃኝ ብቻ። ማሩን በጠርሙስ ደረደረችበት። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ጎን ወደ ውጭ አበጠና ተጣጠፈ፣ ሁለት ጠርሙስ ወለሉ ላይ ተሰበረ። የማሩን ዋጋ ከፈልኩ፣ መደርደሪያውንም አዲስ ሰራሁላት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ገጽ ከመቁረጤ በፊት የሸንተረሩን አቅጣጫ በእርሳስ ቀስት አሰምርበታለሁ። እናንተም ይህን ልማድ አድርጉት።

"ካርቶን ምን ይችላል?" የሚል ደንበኛ አታጡም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰለሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣበትን የቶኪዮ ኦሊምፒክ አስታውሷቸው። በአትሌቶች መንደር የነበሩት አልጋዎች ፍራሹን የተሸከመው ካርቶን ነበር፤ እስከ 200 ኪሎ እንዲችል ተደርጎ የተሰራ።

ይህን ስል ግን ከእንጨት ጋር ተፎካከሩ ማለቴ አይደለም። ጅማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሚወጣ በርጩማ የታወቀች ከተማ ናት። ሰፈራችን ያሉት አናጢ ጋሼ ስራዬን መጀመሪያ ሲያዩ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሰኔ ሲገባ ምን ሊውጠው ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር። ካርቶን ለልጅ የሚወረስ ዕቃ አይሆንም። ገበያው ያለው ዕቃው እንዲቀል፣ ቶሎ እንዲደርስና ለጥቂት ወራት እንዲያገለግል የሚፈልግ ሰው ጋ ነው። ቡና ቆልቶና ፈጭቶ በፓኬት የሚሸጥ ሰው ስሙ የተጻፈበት ማሳያ ይፈልጋል። ለአዲስ ዓመት ባዛር ለጥቂት ቀናት ቦታ የሚይዝ ነጋዴ እንጨት አሰርቶ፣ አስጭኖ፣ አስወርዶ አያዋጣውም። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ደግሞ የመጽሐፍ መደርደሪያ ያስፈልገዋል፣ ሲመረቅ ግን ተሸክሞት አገሩ አይገባም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከማሳያ መደርደሪያ ጀምሩ። በርጩማ ላይ ሰው ይቀመጣል፤ ኃላፊነቱ ከበድ ይላል።

ካርቶኑን መምረጥ

የፍሪጅና የትልልቅ ቴሌቪዥን ካርቶን ካገኛችሁ አትለፉት። ገጹ ሰፊ ነው፣ ብዙ ጊዜም ድርብ ነው። ነጠላው ካርቶን ሦስት ወረቀት ሲሆን ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ድርቡ አምስት ወረቀት ነው፣ ወደ 7 ሚሊ ይጠጋል። ሸክም የሚያርፍበት ቦታ ላይ ድርቡን፣ ለመሸፈኛ ነጠላውን ተጠቀሙ። የጅማ መርካቶ ባለሱቆች ጋ ሄዳችሁ ዕቃ የሚያራግፉበትን ቀን ጠይቁና ካርቶኑ ሳይረገጥ ድረሱ። ከቆራሌዎች ጋርም ተስማሙ፤ ያልተጣጠፈና ያልረጠበ ካርቶን ካመጡላችሁ በኪሎ ከሚሸጡበት ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሏቸው። እነሱም ይጠቀማሉ፣ እናንተም ምርጡን ታገኛላችሁ።

ዘይት የጠጣውን፣ ሰም የተቀባውን፣ አንዴ ርሶ የደረቀውን አትውሰዱ። በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ስፖንጅ ስፖንጅ ካለ ሸንተረሩ ተጨፍልቋል ማለት ነው። የሱቅ ካርቶን ውስጥ በረሮ እንቁላል ስለሚጥል ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ አራግፉት። ደንበኛ ቤት በረሮ ይዞ የሄደ ዕቃ ሁለተኛ ትዕዛዝ አያመጣም።

ሃያ ሠላሳ ተመሳሳይ መደርደሪያ የሚያዝ ደንበኛ ሲመጣ የተለቀመ ካርቶን አይበቃም። ያኔ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ካሉ የካርቶን ፋብሪካዎች ያልታጠፈ ገጽ በብዛት ማስመጣት ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጭነቱን ከሌላ ነጋዴ ጋር ተጋሩ፣ ሸራ መልበሱንም በዓይናችሁ አረጋግጡ።

አቆራረጥ

የሚያስፈልገው ካተር፣ ብዙ ትርፍ ምላጭ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ሜትር፣ እርሳስና አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማስመሪያ አትጠቀሙ፤ ምላጩ ጠርዙን በልቶ ጣታችሁ ላይ ይወጣል። በአንድ ጉልበት ለመጨረስ አትሞክሩ፣ ካርቶኑ ይጨፈለቃል። መጀመሪያ የላይኛውን ወረቀት ብቻ ቁረጡ፣ ሲደግሙት ሸንተረሩ ይቆረጣል፣ በሦስተኛው ታችኛው ወረቀት ይለቃል። ምላጩ ወረቀቱን መቦጨቅ ከጀመረ ጊዜው አልፏል፣ ቀይሩት። ማጠፊያ መስመር ስታወጡ ደግሞ በማስመሪያው ዳር የማንኪያውን ጀርባ ጫን አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቱት። እጥፉ ያለ ምንም ትግል ቀጥ ብሎ ይወጣል።

በርጩማ ለመሞከር ይህን ልኬት ውሰዱ። ከድርብ ካርቶን ስፋታቸው 36፣ ቁመታቸው 42 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 6 ገጾች ቁረጡ፣ ሸንተረሩ በ42ቱ በኩል ይቁም። በእያንዳንዱ ላይ ከጠርዙ 9፣ 18 እና 27 ሳንቲ ላይ ምልክት አድርጉና እስከ ቁመቱ ግማሽ፣ ማለትም 21 ሳንቲ፣ ስንጥቅ አውጡ። የስንጥቁ ስፋት ከካርቶኑ ውፍረት ጋር አንድ ይሁን፤ ከጠበበ ይጨፈልቃል፣ ከሰፋ ይወዛወዛል። ሦስቱን ከላይ ወደ ታች፣ ሦስቱን ከታች ወደ ላይ ሰንጥቁና አሰካኩ። ጠርሙስ በሚመጣበት ካርቶን ውስጥ ያለውን መከፋፈያ ይመስላል። ዙሪያውን ቁመቱ 42፣ ርዝመቱ 150 ሳንቲ ገደማ በሆነ ነጠላ ካርቶን ጠቅልላችሁ ጫፉን በኮላ አጣብቁ። መቀመጫው 37 በ37 የሆኑ ሦስት የድርብ ካርቶን ገጾች ናቸው፤ መሃለኛውን ሸንተረሩ ከሌሎቹ ጋር እንዲሻገር አዙሩት። ፍራንክ ጌሪ የተባለው አርክቴክት በ1972 እ.ኤ.አ. የሰራው ዝነኛ የካርቶን ወንበርም በዚሁ መንገድ፣ ንብርብሩ እየተሻገረ የተሰራ ነው።

ከመሸጣችሁ በፊት ሁለት ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ እህል ጫኑበትና አሳድሩት። ማታም ጠዋትም አራቱን ማዕዘን በሜትር ለኩ። አንዱ ማዕዘን ወርዶ ካገኛችሁት አትሽጡት፣ ፈታችሁ የተጨፈለቀውን ገጽ ፈልጉ።

ማሳያ መደርደሪያውማ ከዚህ ይቀላል። ጎኖቹ ሸንተረራቸው ቆሞ ይሰራሉ። እርከኖቹ ግን ሸንተረራቸው ከግራ ጎን ወደ ቀኝ ጎን መሄድ አለበት፣ አለበለዚያ መሃላቸው ይረግባል። ስፋቱ ከ40 ሳንቲ ካለፈ መሃል ላይ ደጋፊ አስገቡ። የጀርባውን ገጽ አትዝለሉት፤ መደርደሪያው ወደ ጎን እንዳይዘም የሚይዘው እሱ ነው። የእርከኑን የፊት ጠርዝ 4 ሳንቲ ወደ ላይ እጠፉት፣ ፓኬቱ አይንሸራተትም፣ ዋጋም ይጻፍበታል። ከሁሉም በላይ ግን ተነቅሎ ጠፍጣፋ እንዲሆን አድርጋችሁ ስሩት። አሥሩን በአንድ ባጃጅ ታደርሳላችሁ። ተገጣጥሞ የሚሄድ ከሆነ ግን ሁለቱ እንኳ አይገቡም።

ኮላ፣ ቀለምና እርጥበት

ፋብሪካው ሸንተረሩን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀው በስታርች ነው። ስለዚህ በቤት የተሰራ የዱቄት ሙጫም ይይዛል፣ ርካሽም ነው። እዚህ ግን አልመክረውም። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ይሻግታል፣ በረሮም ይጠራል። የአናጢ ነጭ ኮላ በስሱ ቀቡና እስኪደርቅ መጽሐፍ ወይም ጡብ ጫኑበት። ፕላስቲክ ስኮች ለመያዣ ያህል ብቻ ተጠቀሙና ኮላው ሲደርቅ ላጡት።

ብዙ ሰው ውሃ እንዳይነካው ብሎ ሙሉውን በፕላስቲክ ስቲከር ያለብሰዋል ወይም ቫርኒሽ ያለቅበታል። ይህን አታድርጉ። ወረቀትና ፕላስቲክ አንዴ ከተጣበቁ በኋላ መለየቱ በጣም ይከብዳል፣ ዕቃው ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል፣ እናንተም ለደንበኛ "መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል" ብላችሁ የነገራችሁት ውሸት ይሆናል። ጽሑፉንና ሥዕሉን ወረቀት ላይ አሳትማችሁ ለጥፉ፣ ወይም ከካርቶን ፊደል ቀርጻችሁ በውሃ ቀለም ምቱ። የቡናማው ካርቶን መልክ ራሱ ከቡና ጋር ያምራል፤ ሁሉንም ቀለም መቀባት አይጠበቅባችሁም።

እርጥበቱን የምታሸንፉት በአሰራር ነው። አየሩ በጣም ሲረጥብ ካርቶን ጉልበቱ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ በጋ ላይ የሞከራችሁት ዕቃ ክረምት ላይም ያንኑ ይሸከማል ብላችሁ አታስቡ። ለክረምት የምትሰሩትን አንድ ንብርብር ጨምሩለት። ዋናው ጠላት ግን ወለል ማጠቢያው ውሃ ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቅ በጨርቅ ሲወለወል ውሃው ከታች ይመጠጣል፣ በሳምንት ውስጥ እግሩ እንደ ገንፎ ይላል። መፍትሔው የሃይላንድ ክዳን ነው። ከታች በኩል በማዕዘኖቹና በየመስቀለኛው ትርፍ ካርቶን ደርቡና ክዳኖቹን በትንሽ ኮላ አጣብቁበት። ዕቃው አንድ ሳንቲ ያህል ከወለሉ ከፍ ይላል፣ ውሃው አይደርስበትም።

ያልተሰራ ካርቶናችሁንም ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስተኙት፤ ከስሩ ጣውላ አድርጉ፣ ከግድግዳም አርቁት። ለደንበኛም ሳትነግሩ እንዳታልፉ፦ ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ መደርደሪያው ከከሰሉ ምድጃ መራቅ አለበት። ካርቶን እሳት ይወዳል።

ዋጋና ደንበኛ

አብዛኛው ጀማሪ ካርቶኑን በነጻ ስላገኘ ብቻ በርካሽ ይሸጣል፣ የሚከስረውም እዚያ ላይ ነው። ትልቁ ወጪ ሰዓታችሁ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዕቃዎች ሰዓት ይዛችሁ ስሩ። ለስሌት ያህል፣ የቀን ሙያችሁን ለ8 ሰዓት 600 ብር ብላችሁ ከተመናችሁ ሰዓቱ 75 ብር ነው። አንድ መደርደሪያ 5 ሰዓት ከፈጀ 375 ብር ሆነ። ካርቶን፣ ኮላና ምላጭ 180 ብር ጨምሩ፤ 555። ለሚበላሽ ቁራጭ 55 ብር፤ 610። ባጃጅ 100፣ ከቤት ኪራይና መብራት የሚደርሰው 40፤ 750 ብር ገባ። ትርፍ 150 ብታደርጉ 900 ብር ነው። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተኩ፣ አካሄዱ ግን አይቀየር። ሦስተኛውን መደርደሪያ ስትሰሩ ከጠንካራ ካርቶን የመሳያ ሞዴል አስቀምጡ፤ በየጊዜው ልኬት ከመውሰድ ሞዴሉን ካርቶኑ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን መሳል ሰዓቱን በጣም ይቀንሳል።

ግማሽ ቀብድ ሳትቀበሉ አትቁረጡ። የአንድ ሱቅ ስምና መልክ ያለው ማሳያ ሌላ ሰው አይገዛውም። ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥርም ቶሎ አውጡ፣ ምክንያቱም ከፍ ያለ ትዕዛዝ የሚሰጡ ድርጅቶች ደረሰኝ ከሌላችሁ ቢወዷችሁም ሊገዟችሁ አይችሉም። ደንበኛ ፍለጋ ስትወጡ ደግሞ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ ትንሽ የጠረጴዛ ማሳያ ይዛችሁ ግቡ፣ ባለቤቱ ፊት ገጣጥሙት፣ የራሱን ዕቃ ደርድሩበትና ለአንድ ሳምንት ትታችሁለት ውጡ። ስትመለሱ ብዙዎቹ ማስነሳቱን አይፈልጉም።

ሲሸጥ የምትገቡትን ቃል ደግሞ ጠብቁ። ወረቀት ቃጫው አጥሮ እስኪያልቅ ድረስ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ተመልሶ ወረቀት መሆን ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን አንድ ሰው ሲሰበስበው ነው። መደርደሪያውን ስትሸጡ ቀኑን መዝግቡና ከአምስት ስድስት ወር በኋላ ደውሉ። አሮጌውን ራሳችሁ አንሱ፣ ለአዲሱ ቅናሽ አድርጉ። ደህና የሆነውን ገጽ ለትናንሽ ስራ አስቀሩት፣ የቀረውን ጠፍጥፋችሁና አስራችሁ ለቆራሌው ስጡት። ከማሰራችሁ በፊት ግን ገልብጡትና የሃይላንድ ክዳኖቹን በካተር ጫፍ ፈልቅቃችሁ አውጡ፤ ለሚቀጥለው መደርደሪያ ይሆናሉ።