የደበዘዘ የአልማዝ ቀለበት በቤት ውስጥ እንዴት ይታጠባል?

አልማዝ እንዲሁ በቀላሉ አያረጅም። የቀለበታችሁ ፈርጥ ከደበዘዘ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቅባት ነው። በድንጋዩ ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተሳስሯል። ገጹ ላይ ያሉት ግን ጎረቤት ይጎድላቸዋል፤ ክፍቱን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሃይድሮጅን ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ገጽ ውሃ አይወድም፣ ቅባት ግን ይስባል። በደቡብ አፍሪካ ኪምበርሌይ የአልማዝ ማዕድን ማውጫ የተፈጨውን ድንጋይ ግራሶ በተቀባ ጠረጴዛ ላይ ከውሃ ጋር ያወርዱት የነበረው ለዚህ ነው። ሌላው ታጥቦ ሲያልፍ አልማዙ ይጣበቃል።

1. ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበትና ቀለበቱን ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት። ክፍት ማፍሰሻ ያለው ሲንክ ላይ በፍጹም አትሥሩ።

2. ከሥር ቦርሹት። ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ላዩን ብቻ አሽቶ ይተወዋል። ከላይ የገባ ብርሃን ተመልሶ ዓይናችን ጋ የሚደርሰው የታችኛው ገጽ ስለሚመልሰው ነው። አልማዝ ብርሃን የመስበር አቅሙ ትልቅ ነው፣ 2.42 ገደማ። ስለዚህ ንጹሕ ገጽ፣ ቀጥ ብሎ ከሚመታው መስመር ከ24 ዲግሪ ትንሽ በላይ አጋድሎ የመጣውን ብርሃን ሁሉ ወደ ውስጥ ይመልሳል። ቅባት ሲለብስ ግን ይህ ወሰን ወደ 37 ዲግሪ ይጠጋል፤ በመሐል ያለው ብርሃን በሥር ሾልኮ ይጠፋል። ቀለበቱን ገልብጣችሁ መስኮት አጠገብ እዩት። ድንጋዩን በያዙት የወርቅ ጥፍሮች ሥር የተጋገረ ግራጫ እድፍ ካያችሁ እሱ ነው። ለስላሳ የልጆች ጥርስ ብሩሽ በሥሩ ቀዳዳ አስገብታችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ደጋግማችሁ ቦርሹ።

የጥርስ ሳሙና ወርቁን ይጭረዋል፤ በረኪና ደግሞ ከወርቁ ጋር የተቀላቀለውን ብረት ይበላዋል። ሁለቱንም ተዉአቸው። ዕንቁ (ከዛጎል የሚገኘው ሉል) ወይም ኤመራልድ አብሮ ካለበትም በዚህ መንገድ አትዘፍዝፉት።

3. በሌላ ሳህን አለቅልቁት፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ አድርቁት። ከዚያ በኋላ ወርቁን እንጂ ድንጋዩን አትንኩ፤ የጣት ወዝ ወዲያው ይይዘዋል። የእጅ ክሬምም ቀለበቱን ከማጥለቃችሁ በፊት ተቀቡ።

ታጥቦም የማይለቅ ነጭ ጭጋግ ካለ ግን ቅባት ላይሆን ይችላል። አልማዝ ካርቦን ነው፤ አየር ላይ ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ገጹ ይቃጠላል። ይህን የሚያነሳው እንደገና መወልወል ብቻ ነው። ቀለበት ለብየዳ ስትሰጡ ወርቅ ሠሪው ድንጋዩን በቦሪክ አሲድ ይሸፍነው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።