ልጃችሁ በፍቅር ጓደኛዋ ስትጎዳ እነዚህን አታድርጉ

ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ስልኳን ለመቀማት ነው። ደንግጦ ነው፤ ይገባኛል። ልጅቷ የምትረዳው ግን ሌላ ነው፦ ስናገር የምቀጣው እኔ ነኝ። ሁለተኛ አትናገርም። ልጁም "ቤተሰብሽ ቢሰማ አለቀልሽ" እያለ ሲያስፈራራት ነው የከረመው፤ እኛ እውነቱን ነው አልንለት ማለት ነው። መጀመሪያ "እንኳን ነገርሽኝ" በሏት። የፍቅር ጓደኛ ለምን ያዝሽ የሚለው ወሬ በኋላ ይደርሳል።

ቅናትን የፍቅር መለኪያ አታድርጉ። "ካልቀናማ ምኑን ወደደሽ" የምትል አክስት የማታጣው ቤት የለም። የቴሌግራም የይለፍ ቃል መጠየቅ፣ "የት ነሽ? ፎቶ አንስተሽ ላኪ" ማለት፣ ልብስ መምረጥ፣ ከጓደኞቿ ማቆራረጥ፤ ዱላ ባይከተልም ይሄ ራሱ ጥቃት ነው።

ወንድ ልጅም ይጎዳል። "ሴት መታችህ?" ብሎ የሳቀበት አባት፣ ልጁ ዳግም አፉን አይከፍትለትም።

የራቁት ፎቶ አለኝ ብሎ ካስፈራራት አትክፈሉ፣ የጠየቀውንም አታድርጉ። ለአንድ ፎቶ የታዘዘ ሰው ነገ ሌላ ይጠየቃል። መልእክቱንም ተደናግጣችሁ አታጥፉ፤ ቀኑና የአካውንቱ ስም እንዲታይ እስክሪንሾት አንሱ። ፎቶውን ግን "ማስረጃ ነው" ብላችሁ ለዘመድ እንዳትልኩ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማስፈራራቱንም፣ የልጆችን ወሲባዊ ምስል ማሰራጨቱንም ወንጀል ይለዋል።

ተደፍራ ከሆነ ሽማግሌ መላክ የሚባል ነገር አይታሰብ። ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ ሐኪም ቤት ትድረስ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውንም ፖሊሱንም በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ።

"ዛሬውኑ ተለያዪው" ማለትም ስህተት ሊሆን ይችላል። መለየት አለባት፤ ነገር ግን አደጋው ብዙ ጊዜ የሚብሰው ስትለየው ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከትምህርት ቤት ከማን ጋር ትመለሳለች? የትኛው አስተማሪ ይወቅ? ልጁ "ለመጨረሻ ጊዜ እንገናኝና እናውራ" ካላት ደግሞ ብቻዋን አትሂድ። እንዲያውም ጭራሽ መሄድ የለባትም፤ በስልክ ከነገረችው ይበቃል።