የመጽሔት ሽፋን ከማተሚያ ቤት እስከ ስልክ፦ ችግርና መፍትሄ

የዲዛይን ተማሪዎች የኤ4 መጽሔት ሽፋንና የዚያኑ እትም ድረ ገጽ አብረው ሲሠሩ የሚገጥሟቸው ችግሮች እነዚህ ናቸው። ሽፋኑን አስቀድሙ። ከትልቁ ፋይል ለድረ ገጽ የሚሆን ትንሽ ምስል ይወጣል፤ ከትንሹ ትልቁን ማውጣት ግን አይቻልም።

ፎቶው ስክሪን ላይ ጥርት ያለ ነው፣ ሲታተም ደበዘዘ

አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው የመጣው በቴሌግራም ነው። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ሆኖ ከደረሰ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የሚሸፍነው 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሽፋኑ ቁመት ደግሞ 29.7 ነው። ፎቶ አንሺው ዋናውን በፋይል መልክ እንዲልክ ጠይቁ። ለሽፋኑ፣ ተቆርጦ ከሚጣለው ትርፍ ጠርዝ ጋር፣ 2551 በ3579 ፒክስል ያስፈልጋል። ፎቶሾፕ ውስጥ የዲፒአዩን ቁጥር ከ72 ወደ 300 መቀየር ፎቶ አያጠራም፤ ሪሳምፕል (የፒክስሉን ብዛት የሚቀይረው ምርጫ) ከጠፋ የሕትመት መጠኑ ያንሳል፣ ከበራ ፕሮግራሙ የሌለ ፒክስል በግምት ይሞላል።

ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ታየ፣ ወይም ጽሑፍ ተቆረጠ

የወረቀት መቁረጫ በሚሊ ሜትር ይስታል። በአራቱም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ (ተቆርጦ የሚጣል ትርፍ ጠርዝ) ጨምሩ፤ ፋይሉ 216 በ303 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጽሑፉን ከመቁረጫው መስመር 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስገቡ። ብሊዱን ሠርቶ ፒዲኤፍ ሲያወጡ የብሊዱን ምርጫ ምልክት ማድረግ መርሳት የተለመደ ነው፤ የወጣውን ፋይል መጠን ለክታችሁ ላኩ።

ደማቁ አረንጓዴ ሞተ፣ ጥቁሩ ጽሑፍ ጥላ አበጀ

ስክሪን የሚሠራው በአርጂቢ (በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን)፣ ማተሚያው በሲኤምዋይኬ (በሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም) ነው፤ ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ በማተሚያ ቀለም አይደረስባቸውም። ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ ሥሩ። ለጽሑፍ ጥቁሩን ቀለም ብቻ 100 አድርጉ፤ አራቱ ቀለሞች ከተደራረቡ ትንሽ መዛነፍ እንኳ ጥላ ይፈጥራል። ለሰፊ ጥቁር መደብ ግን ሲያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 ይሻላል፤ ጥቁር ቀለም ብቻውን ግራጫ ይመስላል።

የአማርኛው ርዕስ ወደ ሣጥን ወይም ወደ ላቲን ፊደል ተለወጠ

ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። ሣጥን ከታየ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ከታየ ጽሑፉ የተተየበው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበረ ፎንት ነው፤ ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ግን የላቲኑን ቦታ ይጠቀሙ ነበር። ፎንት መቀያየር አያድነውም፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ ነው። አጭር ርዕስ ከሆነ መተየቡ ይፈጥናል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነፃ ይገኛሉ። ለማተሚያ ቤት ሲላክ በኢለስትሬተር ክሪኤት አውትላይንስ አድርጉ (ፊደሉን ወደ ቅርጽ ይለውጣል)፣ ግን በቅጂው ላይ፤ ከዚያ በኋላ ፊደል ማረም አይቻልም።

ድረ ገጹ ላይ አማርኛው በየኮምፒውተሩ ይለያያል

ሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ውስጥ የላቲን ፎንት ብቻ አለ፤ ብራውዘሩ ለአማርኛው ያገኘውን ይወስዳል፣ ዊንዶውስ ላይ ኒያላን ወይም ኢብሪማን። ከላቲኑ ቀጥሎ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጻፉ፣ ፎንቱንም ከገጹ ጋር ጫኑ። የመስመር ከፍታውን ወደ 1.7 አድርሱ። ኢታሊክ አትጠቀሙ፤ የግዕዝ ፎንቶች በአብዛኛው ስለሌላቸው ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያጋድመዋል፣ ያስጠላል። አዲስ መስመር በሁለት ኮለን ከጀመረ፣ ጸሐፊው ክፍት ቦታ ትቶ ኮለን ደርድሯል፤ በእውነተኛው አራት ነጥብ ተኩ፣ ከፊቱ ያለውንም ክፍት ቦታ አጥፉ።

ስልክ ላይ ገጹ ደቃቅ ነው፣ ሽፋኑም አይከፈትም

ቪውፖርት የሚባለው ሜታ ታግ (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፍ መመሪያ) ከሌለ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ያሳንሰዋል፤ ታጉን ጨምሩ፣ ስፋቱንም ከስልኩ ጋር አስተካክሉ። ለሽፋኑ የሕትመቱን ፋይል አትጫኑ። ወደ አርጂቢ መልሱት፣ ስፋቱን 1200 ፒክስል አድርጉ፣ በዌብፒ (ለድረ ገጽ የሚሆን ቀላል የምስል ፋይል ዓይነት) አውጡ። በሽፋኑ ላይ ያሉትን ርዕሶች ደግሞ በምስሉ ሥር በጽሑፍ ጻፏቸው፤ 360 ፒክስል በሆነ ስክሪን ላይ ከምስሉ አይነበቡም፣ ጉግልም አያገኛቸውም።